በኦቾሎኒ ውስጥ የተደበቀውን መርዝ ለመለየት ተስፋ የተጣለበት ግራፊን

ከባቢሌና ከአካባቢው የገጠር ወረዳዎች የሚመጣው ኦቾሎኒ በሐረር ከተማ አቦከር ወረዳ መንገድ ዳር ተቆልቶ በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። ገዥው መልኩንና ጣዕሙን አይቶ ይመርጣል። ይሁን እንጂ በዓይንም ሆነ በምላስ የማይለይ አደጋ አለ፤ እርሱም አፍላቶክሲን ነው።

አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል በሳይንስ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከዳሮ ለቡ በተሰበሰቡ 120 ናሙናዎች በአብዛኞቹ ላይ መርዙ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለምግብነት በሚውል ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅደው አጠቃላይ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ከ4 ማይክሮ ግራም አይበልጥም። ይህን ያህል ጥቂት መጠን ለመለካት ላቦራቶሪ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ጊዜ ያስፈልጋል። አርሶ አደሩ ግን ዋጋ የሚደራደረው በገበያው ዕለት ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚሞክሩባቸው ቁሶች አንዱ ግራፊን ነው።

ግራፊን ምንድን ነው?

የእርሳስ ጥቁር ክፍል የሚሠራበት ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ የካርቦን ንጣፎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ንጣፍ ብቻውን ሲነጠል ግራፊን ይባላል፤ ውፍረቱም የአንድ አቶም ያህል ነው። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በእንግሊዝ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተራ የማጣበቂያ ፕላስተር ተጠቅመው ንጣፉን በመለየት ውጤታቸውን እ.ኤ.አ በ2004 አሳተሙ፤ በ2010ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እንዴት ይሠራል?

ግራፊን ኤሌክትሪክ በእጅጉ ያስተላልፋል። አቶሞቹ ሁሉ በገጹ ላይ ስለሚገኙ፣ ጥቂት ባዕድ ነገር ሲነካው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለወጣል። ለአፍላቶክሲን መለኪያ ሲውል፣ መርዙን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በግራፊኑ ላይ ይለጠፋል። መርዙ ሲያዝ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ስለሚለወጥ መጠኑን መገመት ይቻላል።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። በአሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቅጠል ላይ የሚለጠፍ የግራፊን መለኪያ ሠርተው፣ ውሃ ከበቆሎ የታችኛው ቅጠል ወደ ላይኛው ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለክተዋል።

ገደቡ

ንጹሕ ግራፊን ፍሰቱን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ስለሚሳነው በኮምፒውተር ቺፕ ውስጥ ሲሊኮንን ገና አልተካም። በአፍላቶክሲን ረገድም አብዛኛው ሥራ በላቦራቶሪ ደረጃ ላይ ይገኛል። ከዚህም በላይ መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበከሉ ፍሬዎች ሙሉውን ጆንያ ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለሆነም መሣሪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ ናሙናው ከጆንያው ልዩ ልዩ ክፍሎች ካልተወሰደ ውጤቱ አሳሳች ነው።

መለኪያው ገበያችን እስኪደርስ ድረስ መከላከሉ በአምራቹ እጅ ነው። ምርቱን በወቅቱ መንቀል፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ወይም በንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሚገባ ማድረቅ፣ ለመፈልፈል እንዲቀል ውሃ አለመርጨት፣ የተጨማደደውንና የሻገተውን ለይቶ መጣል፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ስፍራ ማከማቸት ይገባል። የሻገተውን መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።