የስኳር ሕመም፣ ዓይንና የኪስ አቅም

ስኳር ዓይንን ሲጎዳ አያሳምምም። የሬቲና፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት ፈሳሽ እያሾለኩ፣ አንዳንዶቹም እየተደፈኑ ይሄዳሉ፤ ሰውየው ግን እንደ ወትሮው ያነባል፣ መኪና ይነዳል፣ ምንም አይታወቀውም። እይታው ብዥ ሲል ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ሲታየው ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሰዷል። ዓይኑ የሚተርፍለት እንግዲህ ምንም ሳይሰማው የሚመረመር ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ምንም ሳይሰማው ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚችለው ማን እንደሆነ ደግሞ በአመዛኙ የሚወስነው ገቢ ነው።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ይፋ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የሌዘር ሕክምና ከባድ የእይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ። በ1985 ሌላ ጥናት ሌዘር ለሬቲናው መሐል እብጠትም እንደሚረዳ አረጋገጠ። ከ2012 ወዲህ ለዚሁ እብጠት ዓይን ውስጥ የሚወጉ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ያም ሆኖ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ አሜሪካውያን ዘንድ ከዋነኞቹ የዓይነ ስውርነት መንስኤዎች አንዱ ዛሬም ስኳር ነው። ለ2021 በተሰላ ግምት 9.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሬቲናቸው በስኳር ተጎድቷል፤ ከእነዚህ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት እይታቸውን ሊያጡ የሚችሉበት ደረጃ ላይ ናቸው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ከዚያም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሬቲናውን እንዲታይ ይመከራል። ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ግን ገቢው ዝቅ ያለ ታካሚ ይህን ምርመራ የማግኘት ዕድሉም ዝቅ ያለ መሆኑን ነው።

አንዱ ምክንያት የኢንሹራንሱ አሠራር ነው። አሜሪካ ውስጥ የዓይን ኢንሹራንስና የሕክምና ኢንሹራንስ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በዋናነት ለመነጽር ነው፤ የስኳር ታካሚ የሬቲና ምርመራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው በሁለተኛው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው “የዓይን ኢንሹራንስ የለኝም” ብሎ ይቀራል፣ የሕክምናው ካርድ ኪሱ ውስጥ እያለ። ካርዱ ያለውም ቢሆን ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከራሱ የሚያወጣው ገንዘብ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች ዶላር ሊሆን ይችላል። የአረጋውያኑ ሜዲኬር ዓመታዊውን ምርመራ ቢሸፍንም 20 በመቶው ለታካሚው ይቀራል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀውን ሜዲኬይድ የሚያስፋፋውን የ2010 ሕግ ድንጋጌ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ለግዛቶቹ ምርጫ ተወው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቴክሳስና ጆርጂያ ሙሉ በሙሉ አላስፋፉትም፤ ቨርጂኒያ የተቀላቀለችው በ2019 ነው። በዲቪ የገባ ጎልማሳ ደግሞ በብዙ ቦታ ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው ግን ጊዜ ይመስለኛል። በተለመደው ምርመራ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል። ብሌኑ እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋል፣ የቅርብ ጽሑፍ አይነበብም፣ መንዳትም ያስቸግራል። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን ሲያደርግ ቀኑን አጣ ማለት ነው። ወደ ቤት የሚያደርሰው ዘመድም ፈረቃውን ሊተው ነው። የወር ደመወዝተኛ ፈቃድ ወስዶ ይመለሳል፤ በሰዓት የሚከፈለው ግን የቀረበት ሰዓት ከኪራዩ ላይ ይጎድልበታል። ይህ ወጪ በየትኛውም የሆስፒታል ቢል ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ምርመራው “ነፃ ነው” በሚባልበት ቦታም ሰዎች ለምን እንደሚቀሩ ፖሊሲ አውጪዎች ግራ ይገባቸዋል።

ሕክምናው ሲጀመርም ችግሩ ይከተላል። መርፌው መጀመሪያ ላይ በየወሩ ሊሆን ይችላል። ከመድኃኒቶቹ ቤቫሲዙማብ ለአንድ መርፌ በአስር ቤት የሚቆጠር ዶላር ሲሆን፣ አፍሊበርሴፕት ወደ 2,000 ዶላር ሊጠጋ ይችላል። በ2015 የታተመ ንጽጽር እይታቸው በመጠኑ ለቀነሰባቸው ሰዎች የመድኃኒቶቹ ውጤት ተቀራራቢ መሆኑን፣ ይበልጥ ለቀነሰባቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት አፍሊበርሴፕት እንደሚበልጥ አሳየ። በ2022 በወጣ ጥናት ደግሞ በርካሹ ጀምሮ ካልበቃ ወደ ውዱ መዛወር በሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቷል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ዋጋ ይልቅ ቀጠሮ ማቋረጥ ሊብስ ይችላል። በመርፌ ብቻ ሲታከም የነበረ በከፍተኛ ደረጃ የተጎዳ ዓይን ሕክምናው ለወራት ከተቋረጠበት በሌዘር ከታከመው የባሰ ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል። መመላለስ ለማይችል ታካሚ ሐኪሙ ሌዘርን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ የታካሚው የሥራ ሁኔታ እዚህ ላይ ሕክምናውን እስከ መወሰን ይደርሳል።

መፍትሔ ሆኖ የታየው ካሜራውን ታካሚው ወደሚገኝበት መውሰድ ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የድሆች ክሊኒኮች ከ2013 ጀምሮ በተለመደው የስኳር ክትትል ቦታ ሬቲናን ፎቶ እያነሱ ምስሉን ለባለሙያ በኮምፒውተር ይልካሉ። የመጠበቂያው ጊዜ በ89 በመቶ አጠረ፤ ከ14,000 በላይ የስፔሻሊስት ጉብኝቶችም አላስፈላጊ ሆኑ። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ፎቶውን ያለ ሐኪም የሚያነብ ሶፍትዌር ፈቀደ። ለሁሉም በነፃ የሚሰጥ የሬቲና ምርመራ በዘረጉት እንግሊዝና ዌልስ ስኳር በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ መንስኤ መሆኑ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ መቅረቱን በ2014 የወጣ ጥናት አሳየ።

ፎቶው ግን አያክምም። ካሜራው የያዘውን ጉዳት በሌዘር ወይም በመርፌ የሚያክም ስፔሻሊስት ኢንሹራንስ ትጠይቃለች፣ ቀጠሮ ትሰጣለች፣ ቢል ትልካለች። ሜዲኬይድ ባልተስፋፋበት ግዛት የሚኖር፣ ገቢው ለሜዲኬይድ የበዛ ለኢንሹራንስ ድጎማ ያነሰ የተባለ ስኳር ታማሚ፣ ዓይኑ አደጋ ላይ መሆኑን በክሊኒኩ በርካሽ ካወቀ በኋላ የሚሄድበት ላይኖረው ይችላል።