ጊታር፣ ሰዓት እላፊና የረጃፍ ጃዝ ዕድሜ

በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በ1999 «ሜልኒጻ» የሚባል ባንድ ተመሠረተ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ወፍጮ ማለት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ደግ ስም ነው፤ እህሉ ከገጠር ይመጣል፣ ዱቄቱ ከተማ ይሸጣል። በመድረክ ስሟ ሄላቪሳ የምትባለው መሪዋ ናታልያ ኦሼይ የኬልት ቋንቋዎች ምሁር ናት። የበገና የሩቅ ዘመድ የሆነውን ሃርፕ እየደረደረች ተረትና አፈ ታሪክ ታዜማለች፤ ከኋላዋ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ያጅቧታል። የሕዝብ ዜማ ከሮክ መሣሪያ ጋር ሲጋባ ፎክ ሮክ ይሉታል። ባንዱ የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙን በ2003 አወጣ፤ አባላቱ ተለዋወጡ፤ ስሙ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ። ከዚያ በፊት፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ጁባም ወጣቶች ጊታር ይዘው የአካባቢያቸውን ጭፈራ ወደ ምሽት ክበብ አስገብተው ነበር። «ስካይላርክስ» እና «ረጃፍ ጃዝ» የከተማዋ ስመ ጥር ባንዶች ነበሩ። የእነሱ ዘመን ግን በአሥር ዓመት ገደማ ተጠናቀቀ። አንዱን ባንድ ሃያ ዓመት ያኖረ፣ ሌላውን በአሥር ዓመት ያስቀረ ምንድን ነው? ብዙ ሰው መልሱን በተሰጥኦ ውስጥ ይፈልገዋል። እኔ የምለው ግን ባንድ የከተማ ልጅ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍል፣ መሣሪያ የሚያስቀምጥበትና ሌሊቱን የሚለቅለት ከተማ ካላገኘ ይበተናል። ዘፋኝ ለብቻው ግን በስደትም በካምፕም ሊኖር ይችላል።

ረጃፍ ከጁባ በስተደቡብ፣ በወንዙ ዳር ያለ ቦታ ነው። በ1897 የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ የኮንጎ ጦር የሱዳኑን የማሕዲ እንቅስቃሴ ተዋጊዎች ድል ያደረገው እዚያ ነበር። በ1928 ደግሞ የእንግሊዝ አስተዳዳሪዎችና ሚሲዮናውያን እዚያው ጉባኤ ተቀምጠው በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በየትኞቹ ቋንቋዎች እንዲሠራ መከሩ፤ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ባሪ፣ ላቱካና ዛንዴ ተመረጡ። እንግዲህ «ረጃፍ ጃዝ» የሚለው ስም ብዙ ነገር አዝሏል። «ጃዝ» የሚለውን ቃል ግን አንባቢ ከአሜሪካ ጃዝ ጋር እንዳያምታታው፤ ከኪንሻሳ እስከ ናይሮቢ በዚያ ዘመን ቃሉ ጊታር ያለውን የዳንስ ባንድ ሁሉ ይጠራበት ነበር። እነዚህ ባንዶች ያበቡበት ጊዜ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የካቲት 27 ቀን 1972 የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ታጣቂዎች በአዲስ አበባ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት ስምምነት ፈረሙ፤ ከ1955 ጀምሮ የዘለቀው ጦርነት ቆመ፤ ጁባም የራስ ገዝ ደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ዋና ከተማ መሆን ማለት ደመወዝተኛ ማለት ነው፦ ጸሐፊ፣ መምህር፣ ነርስ፣ የምክር ቤት አባል፣ ወር ጠብቆ ኪሱ የሚሞላና ቅዳሜ ማታ መውጫ የሚፈልግ ሰው። ከኡጋንዳና ከኮንጎ የተመለሰው ስደተኛ ደግሞ የካምፓላን፣ የናይሮቢንና የኪንሻሳን የጊታር አመታት በጆሮው ይዞ መጣ። በ1975 የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ወጣት አድማጭ ተጨመረ። ባንዶቹን የወለዳቸው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው። አዲስ አበባ የተፈረመ አንድ ሰነድ ጁባ ውስጥ ዳንስ ቤት ከፈተ ብል አላጋነንኩም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የጁባ ባንዶች የተጫወቱት የኮንጎን ሩምባ ነው፣ ስለዚህ ከሕዝብ ዜማ ጋር ምን አገናኛቸው? ይህን የሚለው ሰው የሕዝብ ዜማን እንደ ጎተራ እህል ያስበዋል፤ ተከማችቶ፣ ተቆልፎ፣ ድንበር ሳያልፍ የሚቀመጥ። የአገሩ ካርታ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው። ዛንዴዎች በደቡብ ሱዳንም፣ በኮንጎም፣ በመካከለኛው አፍሪካም ይኖራሉ፤ ካክዋዎች በሦስት አገር ተከፍለዋል። ለእነሱ የኮንጎ ጊታር የጎረቤት ሙዚቃ ነው። የእኛው ጋምቤላም ምስክር ይሆናል፦ በአኙዋክ ዘንድ በአውራ ጣት የሚመታው ቶም ዘመዶቹን የምናገኘው ከጎንደር ማሲንቆ ይልቅ በኮንጎና በኡጋንዳ የጣት መሣሪያዎች መካከል ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ የራሷ መግባቢያ ነበራት፤ የጁባ ዓረብኛ፣ ከወታደር ሰፈርና ከገበያ ተወልዶ ባሪውንም ዲንካውንም ዛንዴውንም የሚያነጋግር ቋንቋ። ከደርዘን በላይ የሕዝብ ዜማ ያለው ከተማ የሁሉንም በአንድ መድረክ ሊያቀርብ ቢፈልግ ማንንም የማያስከፋ ሦስተኛ ምት ያስፈልገዋል፤ የሩምባው ጊታር ያንን ሚና ተጫወተ። ሜልኒጻስ ቢሆን? የሩሲያ ባንድ ነው፣ ሃርፑ ግን የአየርላንድ ጠረን አለው። የአዲስ አበባ ባንዶች ትዝታንና ባቲን የተጫወቱት በአሜሪካ ፈንክ ምት ነው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ አይደሉም አላላቸውም። ንጽሕና የፎክ ሮክ መስፈርት ቢሆን ኖሮ ፎክ ሮክ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

በ1983 ነገሩ ሁሉ በአንድ ዓመት ተገለበጠ። በግንቦት በደቡቧ ቦር ከተማ የነበረው ጦር አመፀ፤ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የደቡብ ክልልን ከፋፈለ፤ በመስከረም የሸሪዓ ሕግ በመላ አገሪቱ አወጀና አልኮል ከለከለ። ለሙዚቃ የተነገረ አንድ ቃል እንኳ ባይኖርበት ይህ አዋጅ ብቻ የምሽት ክበብን ለመግደል ይበቃ ነበር፤ ባንዱ የሚከፈለው ከቢራው ሽያጭ ነውና። ጁባ የተከበበች የጦር ሰፈር ሆነች። በ1989 ዩኒቨርሲቲው ተነቅሎ ወደ ካርቱም ሄደ፤ በ1992 አማፂያኑ ከተማዋን ለመያዝ ሞክረው ደም ፈሰሰ። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት ሙዚቃ አልጠፋም፤ ቅርጹን ለወጠ። ከ1989ኙ የሱዳን መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሩን የለቀቀው ታላቁ የኑቢያ ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ በ1990 ወደ ጋምቤላው ኢታንግ መጥቶ ለደቡብ ስደተኞች ዘፈነ። በልጅነቱ ወታደር የነበረውና በኢትዮጵያ የስደተኞች ካምፕ ያለፈው ኢማኑኤል ጃል ደግሞ ናይሮቢ ደርሶ ራፐር ሆነ፤ በ2005 «ሲዝፋየር» የተባለውን አልበም ከሰሜን ሱዳኑ አብደል ጋድር ሳሊም ጋር አወጣ፤ በ2008 «ዋርቻይልድ» ተከተለ። እንግዲህ ጦርነት ተሰጥኦን አላጠፋም። ራፐር ድምፁንና ግጥሙን ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ድራምና ቤዝ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ከተከበበ ከተማ የሚወጣ ግን የለም። የባንድ ሙዚቃ ደግሞ አምስት ስምንት ሰው በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ ካልተገናኘ አይሠራም፤ አንዱ ካርቱም፣ አንዱ ካምፓላ፣ አንዱ ጫካ ከሆነ ያ ልምምድ አበቃ።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳችን ከተማ ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ ሽብር ነበር፣ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ሳንሱር ነበር፤ ዋልያስ ባንድ ግን በሒልተን ሆቴል እየተጫወተ፣ በ1977 «ቸ በለው»ን እየቀረጸ ኖረ። ሰላም የባንድ አፈር ከሆነ ይህ እንዴት ሆነ? ተቃውሞው እውነት ነው፤ ሐሳቤን እንዳጠራው ያስገድደኛል እንጂ አያፈርሰውም። ባንድን የሚያኖረው ሰላም በጥቅሉ አይደለም፤ ሰላም ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው የተከፈለ ሳምንትና የተጠበቀ ግቢ ነው። ሒልተን ሁለቱንም ሰጠ። ሰዓት እላፊው እንዲያውም በሆቴሉ ውስጥ ተገልብጦ ሠራ፤ እንግዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ይቆያል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከዚያ በፊትም የአዲስ አበባ ሙዚቃ ያደገው በደመወዝ ነበር፦ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር። ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት፣ ነፊው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በሶቪየት ኅብረትም እንዲሁ ነበር፤ በ1969 በሚንስክ በቭላዲሚር ሙልያቪን የተመሠረተው «ፔስንያሪ» የቤላሩስን የሕዝብ ዜማ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ያጋባ ታላቅ ባንድ ነበር፤ የነፃነት አገር ስላልነበረው አልከሰመም፤ መንግሥት ቀለቡን ሰፍሮለታልና በ1976 አሜሪካ ድረስ ዞሮ ተጫወተ። ደሞዙ የነፃነት ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ የምናወራው ግን ስለ ዕድሜ ነው። ዋልያስም የተበተነው ጥበቡ ስላለቀበት አይደለም። በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደና ከፊሉ አባል እዚያው ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። የጁባው ታሪክ በሌላ መንገድ ተደገመ ማለት ነው፤ ባንዱ ሲበተን የተረፈው አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ነው። ያ ካሴት በ2013 ለዓለም ገበያ እንደገና ታትሞ ሰውየውን ወደ መድረክ መለሰው፤ ዋልያስን ግን ሊሰበስብ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ በአዲስ አበባም በጁባም የብቸኛ ዘፋኝ ጊዜ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ኋላም አንድ ኮምፒውተር። ለዚህ ነው ጃኖ ባንድ ሲነሣ ያስደነቀው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ገሠሠ አሥር ወጣቶችን ሰበሰበ፤ አራቱ ዘፋኞች፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ። ስሙ የመኳንንት ልብስ የነበረው ባለ ቀይ ጥለት ጃኖ ነው፤ ድምፁ የሚጮኽ የሮክ ጊታር በኢትዮጵያ ቅኝት ላይ። በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ» ወጣ፤ ቀጣዩ «ለራስህ ነው» እስኪመጣ 2018 ደረሰ። ለሜልኒጻ በሚቀርበው ሚዛን ጃኖ የኢትዮጵያ ፎክ ሮክ ነው ብንል ስሕተት የለበትም። በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለው ስድስት ዓመት ግን ያሳስባል፤ አሥር ሰው ማኖር አንድ ሰው ከማኖር አሥር እጥፍ ሳይሆን ከዚያም በላይ ነው፤ የሆቴል ደመወዝና የመንግሥት ቀለብ በቀሩበት ከተማ ወጪውን የሚሸፍነው ኮንሰርትና ስፖንሰር ብቻ ነው። ጁባ ደግሞ ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ተነሣች፤ ሐምሌ 9 ቀን 2011 የአዲሲቱ አገር የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ሆነች፤ የአገሪቱ መዝሙር ዜማ የተደረሰው በዚያው በጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው ገቡ። ነገር ግን ታኅሣሥ 2013 ጦርነት ተመለሰ፣ ሐምሌ 2016 ከተማዋ ውስጥ እንደገና ተተኮሰ፤ መብራቱም ለብዙ ዓመታት የጄኔሬተር መብራት ነበር። በጄኔሬተር ነዳጅ ዋጋ ስምንት ሰው ያለበት ባንድ መቅጠርና አንድ ዲጄ መቅጠር ሲነጻጸሩ የሆቴሉ ባለቤት ሒሳቡን ለማንም ሳያማክር ይሠራዋል። ስለዚህ ከጁባ አንድ ዘፈን ደርሶን ጊታሩ ሲያምረን፣ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የምንጠይቀው አምፕሊፋየሩ የማን እንደሆነና ተጫዋቾቹ ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሮ እንዳላቸው ይሁን።