ያውቁ ኖሯል? ጆሮ የማይፈተንበት እንግሊዝኛ

ከከምባታዋ ሀደሮ ተነስቶ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ እንግሊዝኛን ተፈትኖ ሲወጣ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በጆሮው ሰምቶ መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ፓሴጅ አንብቧል፣ ግራመር መርጧል፣ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። የማዳመጥ ፈተና ግን የለም።

መማሪያ መጽሐፉ ግን የማዳመጥ ትምህርት አለው። ምንባቡ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተማሪው መጽሐፉን ሳያይ ያዳምጣል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመልሳል። ፈተና ሲቃረብ ግን መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ክፍል ነው። «ይሄ ማትሪክ ላይ አይወጣም» ከተባለ በኋላ ማን ጊዜ ይሰጠዋል? በዚህ መምህሩ ብቻውን የሚወቀስ አይመስለኝም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ወርክሺት ይሰጠን ይላሉ፤ ወላጅም የሚጠይቀው ውጤት ነው።

ንግግርም የሚፈተነው በምርጫ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የሁለት ሰዎች ጭውውት ይጻፋል፣ አንዱ የሚመልሰው ቦታ ባዶ ይተዋል፣ ተማሪው ከአራት አማራጭ አንዱን ይመርጣል። ድምፅ የሚባል ነገር የለበትም።

ለብዙ ዓመታት የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው፤ ፓሴጁን ማንበቢያው ጊዜም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። አራት አማራጭ ባለው ፈተና ምንም ሳያነብ በግምት ብቻ ያጠቆረ ሰው ከ120ው ወደ 30 ገደማ ሊያገኝ ይችላል።

50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው እንጂ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የጥያቄው ቋንቋ ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን ይለያል? ስለ ውጤቱ በተነጋገርን ቁጥር መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

አንድን ጽሑፍ ያለ መዝገበ ቃላት በደንብ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በቃላት ትምህርት ጥናት የታወቁት ፖል ኔሽን ከባልደረባቸው ጋር በፈረንጆች 2000 ያሳተሙት ጥናት የደረሰበት ይህ ነው። ባለ 500 ቃል ፓሴጅ ላይ 10 የማይታወቁ ቃላት ቢኖሩ አንባቢው ገና ይራመዳል። 50 ከሆኑ ግን ማንበቡ ቀርቶ መገመት ይሆናል። ያ ተማሪ ጥያቄውን ያነብና በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ፓሴጁ ላይ ፈልጎ፣ ቃሉ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር የሚመስለውን አማራጭ ያጠቁራል። አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ፓሴጁ ስለ ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ግን አይነግርዎትም።

የከምባታና የሀዲያ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያነበው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሲጀምር ፊደሉ አዲስ አይሆንበትም። ችግሩ የፊደሉ ድምፅ ላይ ነው። በከምባትኛ አጻጻፍ «ኤክስ» የምንለው ፊደል የ«ጥ» ድምፅ ነው፤ «ሲ» የምንለው ደግሞ የ«ጭ»። ሁለት «ኦ» ተከታትለው ሲጻፉ ረጅም «ኦ» ተብለው ይነበባሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ «ኡ» ናቸው። ሕፃኑ በአንድ ቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያንኑ ፊደል በሁለት ድምፅ ያነባል። ይህን ለይቶ የሚያስረዳው መምህር ያገኘ ልጅ ብዙ ያተርፋል፤ ያላገኘው ለዓመታት ይደናገራል። የመምህራን ማሠልጠኛዎች ለዚህ ራሱን የቻለ ትምህርት ቢመድቡለት ይገባዋል እላለሁ።

የከምባትኛ ቃላት የሚያልቁት በአናባቢ ነው። የእንግሊዝኛው ኃላፊ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በቃሉ መጨረሻ ላይ በምትሰማ አንዲት «ድ» ወይም «ት» ነው። ወረቀት ላይ ትታያለች፤ በንግግር ፍጥነት ግን ጆሮ ላይ ሽው ብላ ታልፋለች። ስለዚህ ግራመር ላይ ኃላፊ ጊዜን አሳምሮ የሚመልስ ተማሪ ሲያዳምጥ ትናንት የሆነውንና ዛሬ የሚሆነውን ሊያምታታ ይችላል። ይህን ክፍተት የሚያሳይ ፈተና ስለሌለ መምህሩም ተማሪውም አያውቁትም።

በሀገራችን ጆሮ የሚፈተንበት ፈተና ጭራሽ የለም ብለው ደምድመው ከሆነ ግን አለ። የሚፈተኑት ሕፃናቱ ናቸው፣ ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና መዛኙ ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ልጁ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን አሰምቶ ያነባል፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። ከዚያ መዛኙ ራሱ አጭር ታሪክ ያነብለትና ይጠይቀዋል፤ ይህ የማዳመጥ ክፍሉ ነው። በፈረንጆች 2010 በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በኋላ ዙር ከተመዘኑት ሰባት ቋንቋዎች አንዱ ሀዲይኛ ነበር። እንግዲህ በሀዲያ ዞን የ2ኛ ክፍል ልጅ ማዳመጥ ሲፈተን የ12ኛ ክፍሉ አይፈተንም ማለት ነው።

በቀድሞው ደቡብ ክልል ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚማሩት እስከ 4ኛ ክፍል ነበር፤ ከ5ኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆን ነበር። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል ይቆያሉ፤ አዲስ አበባ እስከ 6ኛ። በፈረንጆች 2007 ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላሉ ዓመታት የተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። የሀደሮ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከብዙዎቹ ቀድሞ ነው፤ ቀድሞ መግባቱ ግን አልጠቀመውም።

ወደ ኋላ ዞር ብለን ስናይ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከነጻነት በኋላ ነው። በፈረንጆች 1962 ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ ገቡ፤ አብዛኞቹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። የዚያ ዘመን ተማሪ ምንም ልዩ የማዳመጥ ትምህርት ሳይሰጠው ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ ይውል ነበር። አንዳንድ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ሲናገሩ የአሜሪካ ቅላጼ የሚሰማባቸው በከንቱ አይደለም።

ፕላዝማንስ ያስታውሳሉ? በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ፕሮግራሞቹ በመጀመሪያ የተዘጋጁት ደቡብ አፍሪካ ነበር። ፕላዝማው አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ያልገባው ተማሪ «አንዴ ይድገሙልን» ቢል የሚሰማው የለም። ያ ትውልድ በየቀኑ ለሰዓታት እንግሊዝኛ ሰምቷል፤ ምን ያህሉ እንደገባው ግን የማዳመጥ ፈተና ስላልነበረ የለካው የለም። ለዚያ ሁሉ ወጪ አንዲት አጭር የማዳመጥ መለኪያ አለመታከሏ ዛሬም ያስቆጨኛል።

አሁን ወደ ቻይና እንሻገር። የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጋኦካኦ ይባላል፤ በፈረንጆች 2024 ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተፈታኞች ተመዝግበውበታል። የእንግሊዝኛው ፈተና በብዙ ክፍለ ሀገሮች ከ150 ይታረማል፤ ከዚህ 30ው የማዳመጥ፣ 50ው የንባብ ነው። የማዳመጡ ክፍል 20 ጥያቄ አለው። መጀመሪያ አምስት አጫጭር ጭውውቶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ ቀጥሎ ረዘም ያሉት ሁለት ሁለት ጊዜ። ጠቅላላው 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

የቻይና ተፈታኝ ለእንግሊዝኛ ፈተና 15 ደቂቃ ቀድሞ ካልገባ በሩ ይዘጋበታል። በሌሎቹ ትምህርቶች ላረፈደ ሰው የሚሰጠው ጊዜ እዚህ የለም፤ በር ሲከፈትና ወንበር ሲጎተት ሌላው ሳይሰማ እንዳይቀር ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የማዳመጥ ፈተናው በሚካሄድበት ሰዓት ለ35 ደቂቃ በመላ ሀገሪቱ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም።

በዚህ በኩል የኛን ሁኔታ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ የበልግ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይደርስም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞች በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ድምፅ በእኩል ጥራት እንዲሰሙ ማድረግ መብራት ይጠይቃል፣ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ጸጥታ ይጠይቃል። ድምፁ ያልጠራበት ክፍል ያለ ተማሪ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አቃልለው የሚያልፉት ሰዎች ትክክል አይመስሉኝም።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችስ? ሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ጥያቄው ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። ቻይና ያደረገችው ይህን ነው፦ መስማት የተሳነው ተፈታኝ ከማዳመጡ ነጻ ይሆናል፤ በጽሑፉ ክፍል ያገኘው ውጤት ወደ ሙሉው ነጥብ ይሰላል። ከጽሑፉ ክፍል 120 ነጥብ 96 ያመጣ ተማሪ 96 ሲባዛ በ150 ሲካፈል ለ120፣ ማለትም ከ150 ላይ 120 ይያዝለታል። የማዳመጥ ፈተና መስማት የተሳናቸውን ይጎዳል የሚለው ስጋት መልስ የሌለው አይደለም።

ወደ ውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ወጣት ብዙ ጊዜ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና የሚወስደው አይልትስ በተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ነው። 40 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ ገደማ፣ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ። መልሱም ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም፤ የስልክ ቁጥር፣ የመንገድ ስም፣ በፊደል በፊደል የሚነገር የሰው ስም እየሰሙ መጻፍ አለ። 12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ይህን ለመልመድ እንደገና ኮርስ መክፈል አለበት። ያልከፈለው ልጅ አላነሰም፤ ማንም አላስተማረውም እንጂ።

ከሀዲያና ከከምባታ በርካታ ወጣቶች ላለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በንግድ ነው፤ ዕቃ ይዘው እየዞሩ፣ ከዚያ በትንሽ ሱቅ። ዋጋ የሚነገረው በአፍ ነው፣ ዱቤም የሚያዘው በአፍ። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስትና አምሳ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅና ድምፁ በሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ለጆሮ መንታ ናቸው። በማዳመጥ ፈተናዎች ላይ ቁጥር የሚበዛውም ለዚህ ነው። ማትሪክ ያልፈተነውን እዚያ የመጀመሪያው ደንበኛ ይፈትነዋል፤ የተሳሳተም ከኪሱ ይከፍላል።

ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ቤጂንግ በበኩሏ ከፈረንጆች 2021 ወዲህ ማዳመጥና መናገርን በኮምፒዩተር ትፈትናለች፤ ሁለቱ ተደምረው ከ150ው 50 ይይዛሉ። ተማሪው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ በማይክሮፎን ይመልሳል። በኛም ሀገር ኮምፒዩተሩ ፊቱ ለተቀመጠለት ተፈታኝ 10 የማዳመጥ ጥያቄ መጨመር ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይቀርባል። መጀመሪያ ውጤቱ ሳይቆጠር ለሙከራ፣ ከዚያ በጥቂት ነጥብ። ሲጨመር ደግሞ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አስቀድሞ ይነገር፤ አራት ዓመት ይዘጋጁበት።

እስከዚያው ግን የሀደሮም ሆነ የዱራሜ ወይም የሆሳዕና መምህር ሚኒስቴር መጠበቅ የለበትም። የመምሪያውን ምንባብ በስልክ ይቅዳ፤ ቢቻል ሌላ መምህርም በሌላ ድምፅ ያንብብለት፣ ተማሪው አንድ ድምፅ ብቻ እንዳይለምድ። ጥያቄዎቹን ምንባቡ ከመሰማቱ በፊት ለተማሪዎቹ ያሳይ፤ ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ጆሮ ሁሉንም ልያዝ ሲል ሁሉንም ይጥላል። ድምፅ ማጉያውን ከፊት ሳይሆን ከክፍሉ መሐል ያስቀምጥ። አጭሩን አንድ ጊዜ፣ ረጅሙን ሁለት ጊዜ ያሰማ። አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሁለቱ ቁጥር፣ አንዱ ስም፣ ሁለቱ «ለምን» የሚሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴሚስተር ውጤት ላይ ይያዝ፤ አምስት ነጥብም ብትሆን ማርክ ካላት ተማሪው ያዳምጣል።