የጎደለው ዕቃ የት ገባ?

ከአዲስ አበባ የተነሣ አንድ ኮንቴይነር ቡና በጅቡቲ በኩል ሃምቡርግ ሲደርስ ቢያንስ ሁለት መንግሥታት መዝግበውታል፤ የኢትዮጵያ ጉምሩክ «ወጣ» ብሎ፣ የጀርመኑ «ገባ» ብሎ። ስለ ዕቃ ንግድ የምንሰማው አኃዝ በአብዛኛው የሚለቀመው አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ዲክላራሲዮን ከሚሉት ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተዘጋጀው ግን ለተመራማሪ ሳይሆን ለቀረጥ ሰብሳቢ ነው። ይህን የዘነጋ ኢኮኖሚስት ቶሎ ይሳሳታል።

መዝገቦች እንዲነጻጸሩ ዕቃው በየአገሩ በአንድ መለያ መጠራት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ኤችኤስ ኮድ ነው። የሚያስተዳድረው መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን ከ5,000 በላይ የዕቃ ዓይነቶችን በስድስት አኃዝ ይለያል። ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና 090111 ነው፤ ያው ቡና ከተቆላ 090121 ይሆናል። ከስድስቱ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አኃዝ ይጨምራል።

መለያው አንድ ይሁን እንጂ የሻጭና የገዢ መዝገብ እምብዛም አይገጥምም። አንዳንዱ ልዩነት ንጹሕ ነው። ላኪ አገር ዕቃውን የሚመዘግበው በኤፍኦቢ፣ ማለትም መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ የተጨመረበትን ሲአይኤፍ ይይዛል። በዲሴምበር የተጫነ ዕቃ በጃንዋሪ ቢደርስ በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይቆጠራል። የእኛ ጽጌረዳ ደግሞ በብዛት የሚላከው ወደ ሆላንድ ነው፤ ከዚያ በጨረታ ተሸጦ ሌላ የአውሮፓ አገር ይሄዳል። መጨረሻ ማን ቤት እንደገባ የእኛ መዝገብ አያውቅም።

የሚያጓጓው ንጹሕ ያልሆነው ልዩነት ነው። ትውልደ ህንዱ ኢኮኖሚስት ጃግዲሽ ባግዋቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የቱርክን የገቢ መዝገብ ሻጮቿ ከያዙት ጋር አስተያይቶ ነጋዴዎች አንደር ኢንቮይስ የሚሉትን፣ ዋጋ አሳንሶ የማስመዝገብን ዱካ አገኘ። ከ40 ዓመት በኋላ ኢኮኖሚስቶቹ ሬይመንድ ፊስማንና ሻንግ ጂን ዌይ ይህንኑ ዘዴ ወደ ቻይና ወሰዱት። ሆንግ ኮንግ «ወደ ቻይና ላክሁ» ያለችውንና ቻይና «ከሆንግ ኮንግ ተቀበልሁ» ያለችውን ዕቃ በዕቃ አነጻጸሩ። የታክስ ምጣኔው በአንድ መቶኛ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሰወረው በ3 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ተመሳሳይ ሆኖ ቀረጡ ዝቅ ያለ ዕቃ ሲኖር ደግሞ ማጭበርበሩ ይብስ ነበር፤ ዕቃው በሌላው ስም ይገባ ነበርና። ለእኔ በዚህ ሙያ ከተሠሩት ሁሉ ብልሁ ይህ ጥናት ነው። አንድም ኮንትሮባንዲስት ሳይጠይቁ፣ ሁለት መዝገብ ብቻ ገልጠው ሌብነትን ለኩ።

መዝገቡ ከተጣራ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ማን ከማን ጋር ለምን ይነግዳል የሚል ነው። የሆላንዱ ኢኮኖሚስት ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ቀመር ከኒውተን የስበት ሕግ ጋር ይመሳሰላል፤ የሁለት አገሮች ንግድ በኢኮኖሚያቸው መጠን ያድጋል፣ በርቀታቸው ይቀንሳል። ቀላልነቱ ያስጠረጥራል፤ ግን ይሠራል። ከመቶ በላይ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሥራ፣ ርቀት በ10 በመቶ ሲጨምር ንግድ በአማካይ 9 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። መርከቡም ስልኩም በፈጠነበት ዘመን ርቀት ይህን ያህል መክበዱ ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ጉምሩክ የማያየው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከቻይና ወደ አሜሪካ የተላከ አንድ አይፎን በመዝገብ ወደ 179 ዶላር የሚጠጋ የቻይና ወጪ ንግድ ነበር። ቻይና ውስጥ የተጨመረበት የመገጣጠሚያ ዋጋ ግን 6.50 ዶላር ብቻ ነው፤ የቀረው የጃፓን፣ የጀርመን፣ የደቡብ ኮሪያና የሌሎች ክፍል ነው። ለዚህም ነው የዓለም ንግድ ድርጅትና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ንግድን በተጨመረ እሴት የሚቆጥር ሌላ ሰነድ የሚያወጡት።

ስለዚህ የወጪ ንግድ ገቢ በዜና ሲነገር በአንድ ወገን መዝገብ ብቻ አይፍረዱ። የተባበሩት መንግሥታት ኮምትሬድ የተባለው የመረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው፤ የዕቃውን ኮድ አስገብተው የሻጩንም የገዢውንም አኃዝ ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ።