አንድ ቦንድ፣ ሁለት ዋጋ

ቦንድ ማለት መንግሥት ወይም ድርጅት ገንዘብ ሲበደር ለአበዳሪው የሚሰጠው የዕዳ ሰነድ ሲሆን፣ የብድሩ ዋና ገንዘብ፣ በየጊዜው የሚከፈለው ወለድና ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ቀን አስቀድመው ይወሰናሉ። የሚከፈለው ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ከወጣ በኋላ ስለማይለወጥ፣ በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ የሚውል ገንዘብ ቋሚ ገቢ ያለው ኢንቨስትመንት ይባላል። ስያሜው ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ ቋሚ የሆነው ገቢው እንጂ የሰነዱ ዋጋ አይደለምና።

አንድ ሰው በዓመት 5 በመቶ ወለድ የሚከፈልበትንና በ10 ዓመት የሚመለስ ቦንድ በ1,000 ብር ገዛ እንበል። በየዓመቱ 50 ብር ያገኛል፤ በአሥረኛው ዓመት ማብቂያ ደግሞ 1,000 ብሩ ይመለስለታል። ቦንዱን በገዛ ማግስት የገበያው ወለድ ወደ 8 በመቶ ቢያድግ፣ በ1,000 ብር 80 ብር ማግኘት የሚችል ሌላ ገዢ 50 ብር ብቻ ለሚያስገኝ ሰነድ ሙሉውን ገንዘብ አይከፍልም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቦንዱን ሊሸጥ ቢወጣ የሚያገኘው 799 ብር ገደማ ነው። ስሌቱ ወደፊት የሚመጣውን እያንዳንዱን ክፍያ በ8 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋው የሚመልስ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከፈለው 50 ብር ዛሬ 46 ብር ከ30 ሳንቲም፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመለሰው 1,000 ብር ደግሞ ዛሬ 463 ብር ያህል ብቻ ያወጣል። የመመለሻው ቀን በራቀ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል፤ ያው ቦንድ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን ኖሮ ዋጋው 972 ብር ገደማ በሆነ ነበር።

የሂሳብ ሠራተኛው ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው 1,000 ነው ወይስ 799? ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው የድርብ ምዝገባ ሥርዓት የአንድ ድርጅት ሀብት ምንጊዜም ከዕዳውና ከካፒታሉ ድምር ጋር እኩል እንዲሆን ያስገድዳል። ቦንዱ 799 ብር ተብሎ ቢመዘገብ ሀብቱ በ201 ብር ይቀንሳል፤ ባንክ ለአስቀማጮቹ ያለበት ዕዳ ግን በዚህ ምክንያት ስለማይቀንስ፣ ጉድለቱ የሚያርፈው የባለአክሲዮኖች ድርሻ በሆነው በካፒታሉ ላይ ነው።

የሂሳብ ደንቦች ለጥያቄው የሚሰጡት መልስ ከባለቤቱ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቱ ሰነዱን እስከ መመለሻው ቀን ሊያቆየው ካሰበ በገዛበት ዋጋ ላይ በተመሠረተ ስሌት እንዲመዘግበው ይፈቀድለታል፤ ሊሸጠው የሚችል ከሆነ ግን የገበያውን ዋጋ መከተል አለበት። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ ተበዳሪው ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ አሥር ዓመት የታገሠ ባለቤት 1,000 ብሩን በእርግጥ ያገኛልና። ሆኖም ማሰብና መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባንክ አሥር ዓመት ሊታገሥ ቢያስብም አስቀማጮቹ በማንኛውም ቀን መጥተው ገንዘባቸውን ሊጠይቁት ይችላሉ።

በአሜሪካ የሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ባንኩ የወለድ ምጣኔ ወደ ዜሮ በተጠጋበት ወቅት ከአስቀማጮች የጎረፈለትን ገንዘብ በአመዛኙ የረጅም ጊዜ የዕዳ ሰነዶች ገዛበት። ከመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን በተከታታይ እያሳደገ በዓመቱ መጨረሻ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። በዚያን ጊዜ ባንኩ እስከ መመለሻቸው ቀን አቆያቸዋለሁ ያላቸው ሰነዶች በመዝገቡ 91 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነው ሲታዩ የገበያ ዋጋቸው 76 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የ15 ቢሊዮኑ ልዩነት ደግሞ 16 ቢሊዮን ገደማ የነበረውን የባንኩን ካፒታል ሊያሟጥጥ የተቃረበ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚሆኑ ሌሎች ሰነዶቹን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን አስታወቀ፤ በማግስቱ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ መጋቢት 10 ቀን ባንኩ ተዘጋ። አስቀማጮች በመንግሥት ውሳኔ ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ ሲያገኙ፣ ለባለአክሲዮኖች ግን እንዲህ ያለ ከለላ አልተሰጠም።

በኢትዮጵያም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባንኮች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ ይኸው የሁለት ዋጋ ጉዳይ የአገር ውስጥ ባለአክሲዮንንም ይመለከታል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዓመቱ ሪፖርት የሚደርሰው ባለአክሲዮን ትርፉንና የትርፍ ድርሻውን አይቶ መጽሔቱን ከማጠፉ በፊት፣ ከሂሳብ መግለጫው ቀጥለው የሚመጡትን ማብራሪያዎች ቢያነብ ይበጀዋል። የሲሊከን ቫሊ ባንክ የ76 ቢሊዮን ዶላር አኃዝም የተደበቀ አልነበረም፤ ከውድቀቱ በፊት በወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ታትሞ ነበር።