ዳይሱ አልተጭበረበረም፤ ጨዋታው ግን ይበላል!

ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ፣ ከሜሪላንድ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው «ስሜ ይቆይ» ብሏልና ይቆይለት። ዕድሜው 24 ነው። ቅዳሜ ማታ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይጫወታል። ለማታውቁት፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጨዋታ ነው። አንዱ አጫዋች ሆኖ ይተርካል፤ ሌሎቹ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ እየሆኑ ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ዳይስ ይወስናል። በአጭሩ ተረት ተረት ነው፣ ሰሚው ራሱ የሚኖርበት።

ወንድማችን አጫዋቹ ነው። አንድ ቀን ጀግኖቹ ዘንዶ ሊገድሉ ሲሄዱ መንገድ ላይ መጠጥ ቤት ገቡ። መጠጥ ቤት ያለ ቁማር አይደምቅም ብሎ አንድ ጨዋታ ፈጠረላቸው። ሁለት ዳይስ ይጣላል። «ድምሩ ከ7 በታች ነው» ወይም «ከ7 በላይ ነው» ብሎ ያስያዘ፣ ከሆነለት ያስያዘውን ያህል ያተርፋል። «ልክ 7» ያለ አራት እጥፍ ያተርፋል። ምን አለፋችሁ፣ ዘንዶው ተረሳ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጠጥ ቤት፣ መጠጥ ቤት ሆነ። ከዚያ አንዱ የተረቱን ወርቅ ትቶ እውነተኛ ዶላር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ…

በሦስት ቅዳሜ አንደኛው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው አብሮ አደጉ፣ 240 ዶላር ተበላ። ባንክ ያዡ ወንድማችን ነበር። «ዳይሱን ምን አድርገኸው ነው?» ተባለ። ተኳረፉ። አሁን ስልኩንም አያነሳለትም። «እግዜር ምስክሬ ነው አላጭበረበርኩም። ዕድሌ ሆኖ ነው። እንዴት ላሳምነው?» ይለኛል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ዳይሱ ደህና ነው፣ ዕድልህም አይደለም። እስቲ አብረን እንቁጠር። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ሊወድቅ ይችላል። 7 የሚመጣው በ6 መንገድ ነው። ከ7 በታች በ15፣ ከ7 በላይም በ15። ጓደኛህ 36 ጊዜ አንድ አንድ ዶላር «በታች» ላይ ቢያስይዝ በአማካይ 15 ጊዜ ይበላል፣ 21 ጊዜ ይበላበታል። 6 ዶላር ኪስህ ገባ ማለት ነው። «7» ላይ ቢያስይዝስ? 24 ያገኛል፣ 30 ያጣል። አሁንም 6! የትም ይዙር የት፣ ካስያዘው ስድስት ዶላር አንዱ ያንተ ነው። በአሥር በአሥር ዶላር ማታ ማታ 48 ጊዜ ከተጫወተ በሦስት ቅዳሜ 240 ዶላር መበላቱ ምንም አይገርምም። ደግሞ «ፈጠርኩት» አትበል፤ ፈረንጆች በየካርኒቫሉ ሲበሉበት የኖሩት ያረጀ ቁማር ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። 7 ሲመጣ «በታች» እና «በላይ» ላስያዙት ገንዘባቸውን መልስ፤ ለ«7» ደግሞ በአራት ፋንታ አምስት እጥፍ ክፈል። ያኔ ማንም በማንም ላይ ብልጫ የለውም። ባንክ ያዡም በየተራ ይሁን። ይህን ሁሉ የምልህ ግን ለተረቱ ወርቅ ነው፤ ዶላሩን ከጠረጴዛው አንሳ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጨዋታ መፍጠር እንደምትወድ ከደብዳቤህ አይቻለሁና። ያንተ ጨዋታ ጉድለቱ ገንዘብ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ የሚያስብበት ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ብለድ ቦውል» እይ። ጭራቆች እየተደባደቡ ኳስ የሚጫወቱበት ነው። ኳሱን የያዘው ከጣለው ተራህ እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ የቱን አስቀድሜ፣ የቱን ላቆይ እያልክ ትጨነቃለህ። ያ ጭንቀት ነው ጨዋታው! በተቃራኒው የሃሪ ፖተርን ኩዊዲች ተመልከት፤ አንድ ጎል 10 ነጥብ፣ የወርቋን ኳስ የያዘ 150። ታዲያ የሌሎቹ ልፋት ምን ሊረባ? እ.ኤ.አ. በ2005 የሚድልበሪ ኮሌጅ ተማሪዎች መሬት ላይ ሲጫወቱት ነጥቧን የቀነሱት ወደው አይደለም።

እኔን ከጠየቅከኝ ደግሞ የገና ጨዋታን ውሰድ። ዱላና እሩር ነው፣ ግን በዚያ ቀን አሽከሩ ጌታውን ቢመታው ጌታ አይቆጣም። ይህን ደንብ አንድ ክፉ ንጉሥ ባለበት አገር አስገባው። ጀግኖችህ ዱላ ይዘው ከፊቱ ይቁሙ። ይምቱት? በማግስቱስ ምን ይመጣባቸዋል? ያኔ ማንም ወደ መጠጥ ቤቱ ተመለስ አይልህም።

ስለ ጓደኛህ ግን… በስልክ አትከራከር፣ አታስረዳ። ቤቱ ሂድ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዝ፣ 36ቱን አብራችሁ ቁጠሩ። 240ውን ግን ከቆጠራው በፊት ስጠው።