ይህ ፊልም ለማን ነው?

«እማዬ፣ እሱ እንዲያየው አልሠራሁትም እኮ!»

ይህን የተናገረችው የወንድሜ ልጅ ናት። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ወንድሜ ቤት ለሦስት ሳምንት በእንግድነት በቆየሁበት ጊዜ ነው። ልጅቷ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤት ከምትማራቸው ትምህርቶች አንዱ የሚዲያ ጥናት ሲሆን፣ ለዓመቱ ሥራ የአንድ ፊልም የመክፈቻ ሁለት ደቂቃ ጽፋ፣ ቀርጻና አቀናብራ ማቅረብ ነበረባት። የመረጠችው ዘውግ አስፈሪ ፊልም ነው።

ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን የመጀመሪያ ቅጂ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ የ9 ዓመት ወንድሟ ገባና ተመለከተው። በጨለማ ኮሪደር የሚጎተት እግር፣ መስተዋት ላይ የታተመ ደም የነካው እጅ፣ በመጨረሻም ጩኸት። ልጁ ያን ሌሊት ብቻ ሳይሆን አንድ ሳምንት ሙሉ በእናቱና በአባቱ መካከል ተኛ።

የወንድሜ ሚስት እጅግ ተቆጣች። ልጅቷም ከላይ ያልኩትን መልስ ሰጠች። እናት ግን አልለቀቀቻትም፤ «እሱ እንዲያየው ካልሠራሽው፣ ታዲያ ማን እንዲያየው ነው የሠራሽው?» አለቻት።

ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ለሁሉም ሰው» አለች።

«ለሁሉም ካልሽማ ወንድምሽም ከሁሉም አንዱ ነው!»

ውድ አንባቢያን፣ በኋላ ልጅቷ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ስታሳየኝ ሳቄ መጣ። በዚያ ዘመን ይህን ሥራ የሚሠሩ ተማሪዎች መጨረሻ ላይ ሰባት ጥያቄዎችን ይመልሱ ነበር። ከሰባቱ አንዱ «የሥራህ ተመልካች ማን ነው?» የሚል ነበር። እናት ሳታውቀው የፈተናውን ጥያቄ ጠይቃለች ማለት ነው። የእንግሊዝ የትምህርት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ተለውጦ፣ አሁን ተማሪዎች የሚቀበሉት መመሪያ ፊልሙ ለእነማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ጥያቄው ግን አልቀረም፤ ቦታውን ለውጦ ወደ ሥራው መጀመሪያ መጣ እንጂ።

«ለሁሉም» ማለት ለማን ነው?

«ለሁሉም ሰው» የሚለው መልስ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ሠሪውን ከመምረጥ ድካም የሚያድን መሸሸጊያ ነው። ፊልም የሚሠራ ሰው በየደቂቃው ይመርጣል። ደሙን ላሳይ ወይስ ልደብቅ? ባለታሪኳ ልጅ ትሁን ወይስ አሮጊት? ሙዚቃው ቀድሞ ያስጠንቅቅ ወይስ ዝምታ ይሁን? ተመልካቹን የማያውቅ ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሌላ ፊልም ላይ ያየውን መቅዳት ብቻ ነው። የእኛም ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። የሚጎተተውን እግርም የደሙን እጅም ከሌላ ፊልም ነው ያመጣችው።

በሙያው የታወቁ ሰዎች ሥራ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ሃሎዊን» የተባለ አስፈሪ ፊልም ያመነጨው ፕሮዲውሰር ኧርዊን ያብላንስ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲያየው አልመክርም፤ አወጣጡ ግን ትምህርት አለው። ያብላንስ በአሜሪካ ያሉ ወጣቶች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሁኔታ ፈለገ። ያገኘውም ወላጆች ማታ ሲወጡ ሕፃናትን የሚጠብቁ የጎረቤት ልጃገረዶችን ነው። ወጣቱ ወይ ልጅ ጠብቋል፣ ወይ በልጅነቱ ተጠብቋል። ጆን ካርፔንተር ያዘጋጀው ይህ ፊልም የወጣበት ገንዘብ ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም ያልበለጠ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ኃይሉ ያለው ተመልካቹ በሚያውቀው ቤትና በሚያውቀው ሰዓት ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለተማሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። ሮበርት ሮድሪገዝ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ኤል ማሪያቺ» የተባለውን የድብድብ ፊልም በ7 ሺህ ዶላር ገደማ ቀረጸው። ሲነሣ ያሰበው ለዓለም አልነበረም፤ በስፓኒሽ ቋንቋ ለሚሸጠው የቪዲዮ ገበያ ነበር። ገዢው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ በምን ቋንቋ እንደሚሠራው፣ ምን ያህል እንደሚያወጣና ፍጥነቱ ምን መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ፊልሙ ግን ታላቁ ኮሎምቢያ ኩባንያ ገዝቶት እ.ኤ.አ. በ1993 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ወንጌላዊው ሉቃስ ትረካውን የጀመረው ቴዎፍሎስ ብሎ አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ነው። ለአንድ ሰው የተጻፈው ዛሬ ስንት ቤት ደርሷል!

ዕድሜ አጥር ነው፣ አድራሻ አይደለም

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ወረቀቷ ላይ «ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ» ብላ ጻፈች። ይህ ከ«ለሁሉም» ይሻላል፤ ግን ገና መልስ አይደለም።

በብሪታንያ ሲኒማ ቤት የሚታዩ ፊልሞችን በዕድሜ የሚመድብ ቦርድ አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። «ዩ» ለማንኛውም ዕድሜ፣ «ፒጂ» በወላጅ ምክር የሚታይ፣ «12ኤ» ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ብቻ የሚያየው፣ «15» እና «18» ደግሞ ከተጠቀሰው ዕድሜ በታች ያለ የማይገባበት ነው። ይህ ምደባ የሚነግረን ማን እንዳይገባ ነው፤ ማን እንደሚመጣ ግን አይነግረንም። የ15 ዓመት ተማሪና የ60 ዓመት ጡረተኛ ሁለቱም «ከ15 በላይ» ናቸው፤ የሚያስፈራቸው ነገር ግን አንድ አይደለም።

አጥሩና ተመልካቹ ሲምታቱ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው አገር ታይቷል። «ዘ ዉማን ኢን ብላክ» የተባለው የመንፈስ ታሪክ ዋና ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ ነበር፤ በሃሪ ፖተር ፊልሞች ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ወጣት። አቅራቢው ኩባንያ 12ኤ እንዲሰጠው ስለፈለገ ስድስት ሴኮንድ ያህል ቆርጦ አወጣ፤ አንዳንድ ትዕይንቶችን አጨለመ፤ ድምፁንም ቀነሰ። አጥሩን አለፈ። ነገር ግን ተዋናዩን አምነው ልጆቻቸውን ይዘው የገቡ ወላጆች ደነገጡ። ቦርዱ በዚያ ፊልም ላይ 134 አቤቱታዎች ደረሱት፤ በዓመቱ ብዙ አቤቱታ የቀረበበት ፊልምም ሆነ። ሕጉ ተጠብቆ ነበር። ቢሆንም የተዋናዩ ፊት የጠራው አንድ ዓይነት ተመልካች፣ ታሪኩ የጠበቀው ሌላ ዓይነት ተመልካች ነበር።

ይህን ለልጅቷ ስነግራት፣ «አክስቴ፣ የኔም ወንድም አቤቱታ አቅራቢ ነው ማለት ነው» አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል?

አንድ ማታ ሻይ ይዘን ማድ ቤት ተቀመጥን። አስፈሪ ፊልም እንደማልወድ አስቀድሜ ነገርኳት። «ግን አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ለማን ብለሽ ትሠሪዋለሽ?» አልኳት። ከመምህሯ ወረቀትና ከጨዋታችን ያወጣናቸው ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፤ በማንኛውም ዘውግ ለሚሠራ ተማሪ ይጠቅማሉ።

1. ይህን ዘውግ የሚወድ ሰው ምን ይጠብቃል? የአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ብቸኛ ሰው፣ ጨለማና ያልታየ አደጋ ይጠብቃል። ይህን ፈጽሞ ያጣ ተመልካች ተታለልኩ ይላል፤ ሁሉን እንደለመደው ያገኘ ደግሞ ይሰለቻል።

2. የዕድሜ አጥሩ የቱ ነው?

3. ኑሮው ምን ይመስላል? የሚያውቀው ፍርሃትስ የትኛው ነው?

4. የት ሆኖ ያየዋል? በሲኒማ ቤት፣ በስልክ ወይስ ሳሎን ውስጥ? ከእሱ ጋር ማን አለ?

5. ራሱን ተመልካቹን ጠይቀሃል? ልጅቷ 20 መጠይቅ በትና ነበር፤ ግን አብዛኞቹን የሞሉት ፊልሙን አብረው የሠሩ ጓደኞቿ ናቸው። ሁሉም «ቆንጆ ነው» ብለዋል!

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። የወንድሜ ሚስት የምትሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው። ወንድሜም አንዳንድ ሳምንት ማታ ይወጣል። «እማዬ ከወጣች በኋላ በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ሄጄ አያለሁ» አለችኝ። ከክፍሏ ልጆች ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም ታናናሾቻቸውን ይዘው እንደሚያድሩ ታውቃለች።

እንግዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ታወቀች። ከ15 እስከ 17 ዓመት ያለች፣ ወላጆቿ በሥራ ላይ ሆነው ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ ናት። አራተኛው ጥያቄም ወዲያው ሌላ ነገር አመጣ። ይህች ልጅ ፊልም የምታየው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ታናሹም በማንኛውም ሰዓት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ የታሰበው ለታላቋ ቢሆንም፣ በበሩ ብቅ የሚለውን ልጅ መጉዳት የለበትም። ደሙ የወጣው በእናት ቁጣ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቅጂ

አዲሱ መክፈቻ እንዲህ ነበር። አንዲት ልጅ ወንድሟን ታስተኛለች። በሩን ታያለች፤ ተመልሳ ታያለች። ስልኳ ይጠራል፤ የእናቷ ቁጥር ነው። ታነሣዋለች፤ የሚናገር የለም። ዞር ስትል የእናቷ ስልክ ተረስቶ በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ እየበራ ታየዋለች። የፊልሙ ርዕስ ይወጣል። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ለስድስት የክፍሏ ሴት ልጆች አሳየቻቸውና ሳትናገር ፊታቸውን ተመለከተች። ያስፈራል ብላ የተማመነችበት የበሩ ትዕይንት ምንም አላደረጋቸውም። ስልኩ ሲበራ ግን አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። በማግስቱ ወንዶች ልጆች አይተው፣ «ምንም አልሆነም እኮ!» ብለው ሳቁባት። ቤት መጥታ የደሙን እጅ እንደገና ልታስገባ ተነሣች። እኔም «ወንበሩ ላይ ያስቀመጥሻቸው እነርሱን ነው?» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጥጣ ቆየችና እንዳለ ተወችው። ለ17 ዓመት ልጅ በክፍል ጓደኞች መሳቅ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ የወንድሜ ሚስት ካፖርቷን ለብሳ ለሥራ ልትወጣ ስትል ልጅቷ ሁለቱን ደቂቃ አሳየቻት። ካለቀ በኋላ እናት ቶሎ አልተናገረችም።

«በሩን ሦስት ጊዜ ታዪዋለሽ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ከሥራ ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

እናት በዚያ ሌሊት ከሥራ አልቀረችም፤ ሊቀር የሚችል ሥራ አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ በእረፍቷ ሰዓት ወደ ቤት እንደምትደውል ወንድሜ ነግሮኛል። የልጅቷም ውጤት መልካም ነበር፤ ከክፍሏ አንደኛ ግን አልወጣችም።

ፊልሙ ለእናት የተሠራ አልነበረም። ሆኖም ለአንዲት ልጅ በትክክል ስለተሠራ እናትየው ጋ ደረሰ። የመጀመሪያው ቅጂ «ለሁሉም» ነበር፤ ያገኘው ግን አንድ የ9 ዓመት ልጅን ብቻ ነው፤ እርሱም የተጎዳበት።

ልጆቻችን ዛሬ በስልካቸው ፊልም ይቀርጻሉ፤ በትምህርት ቤትም ለፈተና ይሠራሉ። የሠሩትን ሲያሳዩን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት «ለማን ሠራኸው? ለማን ሠራሽው?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ለመስማትም ጥቂት ጊዜ ይኑረን። ምናልባት በወንበሩ ላይ የተቀመጠው የምናውቀው ሰው ሊሆን ይችላል።

ለባለትዳሮች መወያያ

* ልጃችን የሠራውን ፊልም፣ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የተመለከትነው መቼ ነው?
* በቤታችን ታላላቆቹ የሚያዩትን ታናናሾቹ እንዳያዩ ምን አዘጋጅተናል?
* እኛ ማታ ስንወጣ ልጆቻችን ምን እንደሚያስፈራቸው እናውቃለን?